ከኦክቶበር የጎደሉት ዐሥር ቀናት

ደወል ደዋዩ ኦርሶ ከማማው ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የእህቱን ልጅ ቫሌሪዮን ከምንጩ ዳር በቅሎውን ውሃ ሲያጠጣ አገኘው። ወጣቱ በቦሎኛ የከዋክብትን ስሌት ሲማር ከርሞ መመለሱ ነበር። ኦርሶ ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

“ደግ ቀን ጣለህ! አንተ የተማርከው፣ ቄሱ ‘ኦክቶበር አራት ማታ ተኝታችሁ ስትነሱ ዐሥራ አምስት ነው’ አሉን። እውነት ነው?”

“እውነት ነው፣ አጎቴ። ከሮም የመጣ አዋጅ ነው።”

“ታዲያ የጂነቭራ ተዝካር የት ሊገባ ነው? ሚስቴ ያረፈችው ኦክቶበር ዐሥር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ቀን ደውዬላታለሁ። ዘንድሮ ነፍሷ ደጅ ስትጠና ልትቀር ነው?”

ኦርሶ ግትር እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ቀኑን ሲነኩበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ቫሌሪዮም ይህን ስላወቀ አልሳቀም።

“ነገሩ የመጣው በፋሲካ ነው፣ አጎቴ። አባቶች ፋሲካ በጸደይ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆኑ በኋላ፣ ጨረቃ ሞልታ በሚቀጥለው እሑድ ይዋል አሉ። እኩል የሚሆኑበትንም ቀን ማርች ሃያ አንድ አደረጉት። እርስዎ በአሸዋ ሰዓትዎ ሲለኩትስ መቼ ነው?”

ኦርሶ አገጩን አከከ። “ዐሥራ አንድ ላይ። አሸዋዬ እርጥበት ገብቶት ነው እል ነበር።”

“ከጣሪያ ሥር ጎጆ የምትሠራው ወፍስ? ‘በቅዱስ ቤነዴቶ ቀን ትገባለች’ ይባል የለ? እሱም ማርች ሃያ አንድ ነው።”

“እሷማ ዐሥር ቀን ቀድማ ከች ትላለች። ችኩል!”

“ወፏ አልቸኮለችም፤ አሸዋዎም ደኅና ነው። የእኛ ቁጥር ነው በጥቂት በጥቂቱ ከፀሐይ ወደ ኋላ የቀረው። በእነዚያ ዐሥር ቀናት መካከል ጨረቃ ስትሞላ ‘ገና ነው’ እያልን ፋሲካን በወር እናዘገያለን። ዝም ካልነው እየተገፋ አጨዳ ላይ ይደርሳል። አሁን ዐሥሩን ዘልለን ቁጥሩን ከፀሐይ እናስታርቃለን።”

“አስታርቁ! ለእርቁ ካሳ የምትከፍሉት ግን የእኔን ሚስት ቀን ነው?”

“ያረፈች ዕለት ፀሐይ የት ነበረች?”

ኦርሶ ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ተመለከተ። “በመስኮቱ ገብታ እጇ ላይ ነበረች። በየዓመቱ በዚያው ቀን አልጋው ላይ ታርፋለች። ቁጭ ብዬ አያታለሁ።”

“ዘንድሮም ታርፋለች። ፀሐይ አዋጅ አትሰማም። ያንን ቀን ሃያ እንለዋለን እንጂ ቀኑ ያው ነው። ተዝካሯን በሃያ ያውጡላት።”

ኦርሶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ቄሱም ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ከጸደዩ ጋር ታረቀ፤ ጾመኛው ጾሙን፣ ገበሬው ዘሩን በወቅቱ ያዘ። አባቶችን ማክበር ያሰቡትን መፈጸም ነው፤ በጊዜ ብዛት የተዛባውን ስሌት ማምለክ አይደለም።

ኦክቶበር ሃያ ቀን ኦርሶ ፀሐይ ካረፈችበት አልጋ አጠገብ ቆይቶ፣ ዐይኑን ጠራርጎ ወደ ማማው ወጣና ደወለ። ጎረቤቱ ከታች ሆኖ ጮኸ፦

“ኦርሶ! ለማን ነው? የሚስትህን ቀን ሰርቀውህ የለም እንዴ?”

“ቁጥሩን ነው የወሰዱት፤” አለ ኦርሶ፣ “እሷማ አሁን ቤት ነበረች።”