ዋና ከተማ ድረስ

ጎረቤቴ ጋሼ ከድር እዚሁ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ነው የሚኖሩት። ባለፈው የመኪናቸውን ሊብሬ በልጃቸው ስም ማዛወር ፈልገው ኮል አደረጉልኝ። «እዚሁ አጠገባችን ያለው ቢሮ ይጨርስልዎታል» ብላቸው፣ «የስም ዝውውር እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዋና ከተማው ውሰደኝ» አሉ። ሶ፣ በሳምንት ያለችኝን አንዷን ኦፍ፣ የዕረፍት ቀኔን፣ ሰውቼ የስቴታችን ዋና ከተማ ኦሎምፒያ ድረስ ነዳሁ። እሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጉርድ ፎቶና ሦስት ገጽ ማመልከቻ ይዘዋል።

ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ግራ ቀኙን አዩ። «ከተማው የታለ?»

«ይሄው ነው ጋሼ። ትንሽ ናት፤ ሕዝቡም አብዛኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው።»

ቢሮው በር ላይ ፈታሽ የለም፣ ውስጥም ሰልፍ የለም። ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ሳትነካ ሊብሬውን አየች፣ ፎርም አስፈረመቻቸው፣ በአስር ደቂቃ ጨረሰች። እኔ ደስ ብሎኝ ስወጣ የጋሼ ፊት ጠቁሯል።

«ምነው፣ አለቀ እኮ» አልኳቸው።

«ማኅተም አልመታችበት፣ ነገ ተመለሱ አላለችኝ፤ እሷ ምን ሥልጣን ይኖራታል? በሚቀጥለው ኦፍህ ሲያትል፣ ሰልፍ ያለበት ቢሮ ትወስደኛለህ።»