ከመጽሐፍ የፈወሰኝ ዱዓ

በታኅሣሥ የአምባሰል ብርድ እሳት እንኳ ጋቢ ደርቦ ነው የሚነደው። እኔም ብርዱ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ፣ በሬን ዘግቼ የጀመርኩትን መጽሐፍ ልጨርስ ቆረጥኩ። የእስክሪብቶው ቀለም እየረጋ ስላስቸገረኝ እያንዳንዱን ቃል በብብቴ አሙቄ ነበር የምጽፈው። ጀግናዬን ዘንዶ አፍ ውስጥ እንዳስገባሁት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ዘሀራ አጥሚት ይዛ፣ ግማሹን መንደር አስከትላ ገባች። በኛ አገር ደጅ ያልታየ ሰው ታሟል ማለት ነው።

«አያ ይማም፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ! መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ሰውዬዬን ዘንዶ ሊውጥብኝ ነው፣ ልቀቁኝ!»

«ያ አላህ! መቃዠት ጀመሩ እኮ!» ብላ ግንባሬን ዳበሰች። እማማ የሺ ቶሎ ብለው ጠበል ረጩብኝ። ሼህ ሙሄ ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያረቢ፣ ከዘንዶውም ከመጽሐፉም አሽረው!» ሲሉ፣ «አሚን!» የሚለው ጩኸት አርዲቦ ሐይቅ ላይ ማዕበል አስነሳ።

ዱዓው ያዘላቸው። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር አልወጣኝም። ጀግናዬም እስካሁን ዘንዶው አፍ ውስጥ ነው። በዚህ ብርድ እዚያ ስለሚሞቀው፣ ውጣ ብለውም እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።