የዘንድሮው የሻምፒዮን ቲሸርት

ከመሳለሚያ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ የቲሸርት ነጋዴና አንድ ወጣት ስለ ሰፈራቸው የቅርጫት ኳስ ቡድን ያወራሉ።

«ጋሼ ሸምሱ፣ እኔን እስከ ዛሬ የሚያመኝ የመጀመሪያው ፍጻሜ ነው። ሊያልቅ ሲል ኳሷ ቀለበቱን ዞራ ዞራ ውጭ ወደቀች።»

«ኳሷስ ትውደቅ። እኔ ‹ሻምፒዮን› ብዬ ያሳተምኩት ቲሸርት ሁሉ መጋዘን ቀረ።»

«ከጨዋታው በፊት አሳትመው?»

«ዋንጫው ከመጣ በኋላማ ጎረቤቴ ሸጦ ጨርሶ ነው የሚጠብቀኝ።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ጋራዦች ወስደው ዘይት ጠረጉበት።»

«የሁለተኛውስ? ያ የኛ ጉድ በገዛ ቅርጫታችን ያገባ ጊዜ?»

«ያንን ለአረፋ አገር ቤት ወስጄ ዘመድ አለበስኩበት። እዚያ እስካሁን ሻምፒዮን ነን።»

«እሁድ ደግሞ ፍጻሜ ነው። ዘንድሮም አሳተምኩ እንዳይሉኝ።»

«አሳትሜያለሁ። የተጋጣሚያችንን።»

«ጋሼ፣ ከዱን ማለት ነው?»

«ምን መክዳት አለው? እኔ ያሳተምኩለት ቡድን አሸንፎ ያውቃል?»

እኔ ለእሁድ ብዬ ጠዋት መርካቶ የገዛሁትን የተጋጣሚያቸውን ቲሸርት የያዘውን ፌስታል ከጉልበቴ አንስቼ ወንበሩ ስር ገፋሁት።