የወለተ ሐና የደነዘዙ ጣቶች

ወይዘሮ ወለተ ሐና ቢቸና ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ሞጣ ሲመለሱ፣ መኪናው እስኪሞላ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ አዘዙ። ገና ብርጭቆውን እንደያዙ አንዲት ወጣት ደርሳ ነጠቀቻቸው።

«እማማ! እጅዎ እየተቃጠለ እኮ ነው!»

ቢያዩት እውነትም ጣታቸው ቀልቷል፤ እርሳቸው ግን አልተሰማቸውም። ወጣቷ የሞጣው ጎረቤታቸው የሙሐመድሸሪፍ ልጅ ነጅዋ ነበረች፤ ቢቸና በጤና መኮንንነት ትሠራለች።

«የእርጅና ነው ልጄ» አሉ እጃቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ። «ሌሊት ይደነዝዘኛል፤ መፍተሉንም ከተውኩት ከረምኩ።»

«ይታዩ እንጂ እማማ። ባሕር ዳር ነርቭንና ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚመረምሩ ሐኪሞች አሉ።»

«ወንድሜን የገደለው ኮረንቲ አይደለም ወይ? በስተርጅናዬ ይልቀቁብኝ?»

«ያ የመስመር ኮረንቲ ነው። ይኼኛው በጣም ትንሽ ነው፤ ነዘር ያደርግዎታል እንጂ አይጎዳዎትም። ለጡንቻው ቀጭን መርፌ አለው፤ እሱም ቆንጠጥ ቢያደርግ ነው። የልብ ሕመም ካለብዎት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አስቀድመው ይንገሯቸው።»

ወለተ ሐና ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የምፈራውስ እሱን አይደለም። ሥጋ ደዌ ነው ቢሉኝስ? ከእኔ ጋር ማን ማዕድ ይቆርሳል?»

ነጅዋ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ይህን ፍርሃት ለብቻቸው ይዘው ስንት ሌሊት እንዳደሩ ገባት።

«እሱም ቢሆን መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ተደብቀው ከቆዩ ግን ጡንቻው እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ያኔ ሐኪሙም መመለስ ያቅተዋል። ወላሂ፣ እኔው ራሴ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

ስንቱ አረጋዊ ነው፣ ሊድን የሚችለውን ሕመም በዕድሜው እያሳበበ የሚኖረው! ወለተ ሐናም «እስቲ ላስብበት» ብለው ተሳፈሩ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ግን ስልክ አወጡና ለነጅዋ ደውለው «እሺ፣ ውሰጂኝ» አሏት።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ከምርመራው አልጋ ላይ ተጋድመው ጸሎታቸውን ጀመሩ። ነዘር ባደረጋቸው ቁጥር አውራ ጣታቸው ሳያዝዙት ይዘላል፤ ልባቸውም አብሮ ይዘላል። ሐኪሙ ቆዳቸውንም አገላብጦ አየ፤ ዝም ባለ ቁጥር የሚደብቃቸው ነገር ያለ መሰላቸው።

በመጨረሻ «እናቴ፣ የሥጋ ደዌ ምልክት የለብዎትም» አላቸው። «ነርቭዎ የእጅዎ አንጓ ላይ ተጨቁኗል። ጡንቻው ገና ስላልሞተ በትንሽ ቀዶ ሕክምና እናላቅቀዋለን። ደግ ጊዜ መጡ።»

ወለተ ሐና ነጅዋን አቅፈው አለቀሱ።

እጃቸው ከዳነ በኋላ በጽዋ ማኅበር ላይ ይርጋነሽ የምትባል ባልንጀራቸው «እግሬን ያደነዝዘኛል፤ እርጅና ምን ይደረግ» ብላ አማረረች።

«እርጅና መሆኑን ማን ነገረሽ?» አሏት ወለተ ሐና። «እኔም እንዳንቺ እያልኩ እጄን ላጣው ነበር። ቢመረመሩት መንስኤው ይታወቃል፤ ከታወቀ መላ አለው፤ ባይኖረው እንኳ በከንቱ ከመፍራት ያድናል። ነገ ተዘጋጂ፤ እኔ እወስድሻለሁ።»