ካቡና ጉድጓዱ

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆመው የሚገባውንም የሚወጣውንም ሲፈትሹ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ ዕለት መለዮአቸውን አስረከቡ፤ ጥርጣሬያቸውን ግን የሚረከባቸው ስላልተገኘ ይዘውት ወደ ቤት ገቡ። ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ባለችው ቤታቸው በር ሲንኳኳ መጀመሪያ በቀዳዳ ያያሉ፤ ከዚያ ያስባሉ፤ ብዙውን ጊዜም ከማሰብ አያልፉም። «ምነው አይከፍቱም?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

በዚያ የሐምሌ ጠዋት ግን እሳቸው ራሳቸው የሰው በር ሊያንኳኩ ወጥተው ነበር። የሚሄዱት ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ ማኅደረማርያም ነው፤ ጉዳያቸውም ተከራይዋን ሙሉዬን ማስወጣት ነው። ሙሉዬ ከወለጋ ተፈናቅላ ከባሏና ከልጆቿ ጋር የመጣች ገበሬ ናት። መጠለያ ውስጥ ከርማ፣ ባሏ የቀን ሥራ ሲያገኝ ከወይዘሮ ማኅደረማርያም ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጋሽ ሰይፈሥላሴም ከዚያን ቀን ጀምሮ የግቢያቸውን የድንጋይ ካብ ከፍ ማድረግ ያዙ።

ካቡ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ለካቡ ብለው የከመሩት ድንጋይ ማነስ ጀመረ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ የበር ጥበቃ ሰው ናቸውና እያንዳንዱን ድንጋይ በኖራ ምልክት አደረጉበት። ትናንት በማለዳም ሙሉዬን በዓይናቸው በብረቱ አዩዋት፤ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ጉም ውስጥ ገባች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ ማለት ይህ አይደል?

ጉሙ ያን ዕለትም ወፍራም ነበር። ከካባቸው ጥግ ሲደርሱ ከአንድ ሰው ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተረፉ።

«ማነህ?» አሉ ዱላቸውን ከፍ አድርገው።

«ዘርአ ዳዊት ነኝ ጋሽ ሰይፈ። የቄስ ገብረአብ ልጅ።»

«የቄስ ገብረአብ ልጅማ አንኮበር ነው የሚያስተምረው።»

«ትምህርት ተዘጋና ትናንት መጣሁ።»

«እስቲ ቀረብ በል።» ቀረበ። ትክ ብለው አዩት። እሱ ራሱ ነው። «ወፍረሃል» አሉት፤ እሷንም በጥርጣሬ ነበር ያሏት።

ዘርአ ዳዊት ነገረ መለኮት የተማረ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። እጅ ነሥቶ ሰላምታውን ካደረሰ በኋላ ቀና ብሎ ካቡን ተመለከተ። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል።

«ልጅ ሳለን ኳስ ሲያልፍብን የምንዘለው ካብ ይህ ነው?»

«አሁን ዝለለው እስቲ።»

«ኧረ አልሞክረውም። ማንን ፈርተው ነው ጋሽ ሰይፈ?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል የድንጋዩን፣ የኖራውንና የሙሉዬን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘሩለት። «ዛሬ ከዚህ ሰፈር ትወጣለች» ብለው ጨረሱ። «ማኅደር እምቢ ካለችኝም ቀበሌ አለ።»

ወጣቱ ደነገጠ። «በዚህ ክረምት ልጆቿን ይዛ የት ትገባለች? አንድ ጊዜ ከቤቷ የተነቀለች ሴት እኮ ናት።»

«እሱን ድንጋዬን ስትሸከም ታስበው ነበር። ደግሞ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ካብ የሠራሁት ከመጽሐፉ ወጥቼ አይደለም። ቅጥር ያፈረሰ እባብ ይነድፈዋል ይል የለ?»

«ይላል። በመጽሐፉ አገር የወይን ገበሬው እንደኛ አገር እንደ አንኮበር ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ ይክባል፣ ላዩ ላይም እሾህ ይጨምራል። እባብ በድንጋዩ መሃል ስለሚተኛ ያፈረሰውን መንደፉ አይቀርም። ከእባቡ በፊት ያለውንስ ቃል ያስታውሱታል?»

«አላስታውሰውም» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። ያስታውሱታል። ጉድጓድ የማሰ ይወድቅበታል ነው የሚለው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታያቸውም።

«አንኮበር ስትል አስታወስከኝ» ብለው ወሬውን ቀየሩ። «የአባቴ ማሳ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ካብ ባይኖረው ኖሮ አንድ ክረምት አያድርም። ካብ መከበር ነው፣ ካብ ሀብት ነው።»

«እውነት ነው። የአባትዎ ካብ ግን የያዘው አፈር ነው፤ የያዘውም ከታች ያለው ገበሬ ማሳ እንዳይቀበር ጭምር ነው። የላይኛው ሰው ካቡን ችላ ቢል የታችኛው ያለቅሳል። የእርስዎ ካብ ማንን ነው የያዘው?»

«እኔን!» ጋሽ ሰይፈሥላሴ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኢዮብን ራሱ እግዜር ዙሪያውን አጥሮለት አልነበረም?»

ዘርአ ዳዊት ፈገግ አለ። ሽማግሌው መጽሐፉን ከሚገምታቸው በላይ ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ለካባቸው የሚሆነውን ወገን ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን፤ ከቅዱሱ ቃል ላይ ለግቢያችን ልክ የሚሆነውን ቆርጠን ስንወስድ የቀረውን ለጎረቤት እንተዋለን።

«አጥሮለታል። አጣሪው ግን እግዚአብሔር እንጂ ኢዮብ አይደለም። ኢዮብማ ስለ ራሱ ሲናገር እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርብኝም፣ ደጄን ለመንገደኛ እከፍት ነበር ነው ያለው።»

ስለ ደጅ ሲነሣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ትንሽ ቅር አላቸው። ሰሞኑን በራቸው ደጋግሞ ተንኳኩቶ ነበር። በቀዳዳ ሲያዩ ሙሉዬ ናት። ቤት ልታጠና መጥታ ነው ብለው እስትንፋሳቸውን ውጠው ዝም አሏት። ይህን ለወጣቱ አልነገሩትም።

«መቅደሱስ?» አሉ። «ባዕድ የማያልፈው ቅጥር አልነበረውም?»

«ነበረው። ከዚያ ወዲያ የተሻገረ ባዕድ ይሞት ነበር። ሐዋርያው ግን ክርስቶስ በመካከል ያለውን የጥል ግድግዳ አፈረሰ አለን። የእኛንም ቤተ ክርስቲያን ይመልከቱ፤ ቅጽር አላት፣ ግን የሚርበውና የሚበርደው የሚጠለለው የት ነው? እዚያው ቅጽሩ በር፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ነው። ቅጽሩ የተቀደሰውን ይለያል እንጂ ችግረኛውን አያባርርም።»

«እንግዲያው ቅጥር ይፍረስ ልትለኝ ነው።»

«አልልም። በኦሪት ሕግ ላይ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲሠራው የታዘዘ አንድ መከታ አለ። የት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የት ይሆናል፣ ግቢው ዙሪያ ነዋ።»

«ጣሪያው ላይ ነው። የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስትሠራ በጣሪያህ ዙሪያ መከታ አድርግ፣ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን ይላል። ለባለቤቱ ተብሎ አይደለም። ለሚመጣው ሰው ነው።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ እንዲህ ያለውን መከታ አስበውት አያውቁም። ቢሆንም እጅ መስጠት አልፈለጉም።

«ይህ ሁሉ ለቅኔ ጥሩ ነው። ለሌባ አይሆንም።»

«ስለ ሌባማ እርስዎ ያስተምሩኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሌባ የሚደበቀው የት ነበር?»

«ከግንቡ ሥር፣ ከውስጥ በኩል። ከመንገድ አይታይም፣ ከቢሮም አይታይም...» ንግግራቸውን ገቱ።

«እንግዲህ ይህን ካብ አንዴ የዘለለ ሌባ ከማን ነው የሚሸሸገው? ከጎረቤቱ ሁሉ። ካቡ የሚከልለው እሱን ነው። ቢጮኹስ ማን ያይዎታል?»

ይህች ወጋቻቸው። ሠላሳ ዓመት የሠሩበትን ሥራ መልሶ ለሳቸው ነገራቸው። «መውጊያው ብዙ ነው የተማረ ሰው» አሉ።

«ሌላም አለ። በለዓም በአህያው ሲሄድ ወዲያና ወዲህ ካብ ባለበት የወይን እርሻ መንገድ ገባ። አህያዋ እግሩን ከካቡ ጋር አጣብቃ ቀጠቀጠችው፤ እሱም ደበደባት። ለካ ከፊቱ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ቆሞ ኖሯል። ያዳነችውን ነው የመታት።»

«ታዲያ ሙሉዬ አህያዋ ናት?»

«እኔ አላልኩም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ይህን ሁሉ ድንጋይ ከየት አመጡት?»

«ከጓሮ በስተጀርባ፣ ከባዶው ቦታ። በበጋ በዶማ አስቆፍሬ ያወጣሁት ነው።»

«ወደ ቦኖ ውሃ በሚወስደው አቋራጭ በኩል?»

«እዚያው።»

«ጉድጓዱን ከደኑት?»

በበጋ ደረቅ ጉድጓድ ነበር። አሁን ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከጀመረ ሄደው አላዩትም። «በዚያ በኩል ማን ያልፋል? ጨዋ ሰው በዋናው መንገድ ይሄዳል። ሌባ ከሆነ ይግባበት።»

«ውሃ የሚቀዱ ልጆች ያልፋሉ ጋሽ ሰይፈ» አለ ዘርአ ዳዊት። ፊቱ ላይ ፈገግታው የለም። «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም ሲሉን ነው ያደግነው።»

«ና!» አሉ ሽማግሌው። «ና ላሳይህ። ሜዳ ነው፣ ምንም የለበትም።» ንዴት ገፋቸው። ዱላቸውን እየሰነዘሩ ከፊት ከፊት ሄዱ። ጉሙ ከጓሮው ጀርባ ይበልጥ ከብዶ ነበር፤ የገዛ ጫማቸው እንኳ በቅጡ አይታያቸውም። ዘርአ ዳዊት ከኋላ «ቀስ ይበሉ» አላቸው። አልሰሙም። እንዲያውም ፈጠኑ።

ቅልጥማቸው ከጠንካራ ነገር ጋር ተላተመ። «ወይኔ እግሬን» ብለው ወደ ፊት ሊደፉ ሲሉ በሁለት እጃቸው ድንጋይ ያዙ። ዱላቸው ግን ከእጃቸው አመለጠ፤ ወዲያው ከበታቻቸው ውሃ ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰሙት።

ተንበርክከው ቀሩ። ከጉልበት ዝቅ ያለ አጭር ካብ ነው ያቆማቸው። ከካቡ ወዲያ ጥቁር ውሃ እስከ አፉ ሞልቶ ተኝቷል። በእጃቸው የያዙትን ድንጋይ ተመለከቱ። የኖራው ምልክት አለበት። ጎኑ ያለውም አለበት። በእጃቸው እየዳበሱ ሄዱ፤ ድንጋዮቻቸው ሁሉ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ተደርድረዋል፤ ዙሪያውን ሊገጥም የቀረው ጥቂት ነው።

«ጋሽ ሰይፈ! ተረፉ?» ዘርአ ዳዊት ደርሶ ደገፋቸው።

«በለዓም ሆንኩልህ» አሉ ቅልጥማቸውን እያሹ።

ከጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። ሙሉዬ ናት፤ ትከሻዋ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ሽማግሌውን ስታይ ክው ብላ ቆመች። ድንጋዩን መጣልም መሸከምም አቃታት።

«አባባ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ልነግርዎት በርዎን አንኳኩቼ ነበር። የሌሉ መሰለኝ። ውሃው መሙላቱን ሳይ፣ የኔም ልጆች የሰውም ልጆች በዚህ ሲሮጡ ሳይ እንቅልፍ አጣሁ። ድንጋዩ የወጣው ከዚሁ ጉድጓድ ስለሆነ ወደ አፉ መለስኩት። ለቤቴ አንድም አልወሰድኩም።»

«ቤት ነበርኩ» አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። እንዲህ ያለ ሐፍረት ተሰምቷቸው አያውቅም። «በቀዳዳ እያየሁሽ ነው ዝም ያልኩት፣ ልጄ። ሌባ ናት ብዬሻለሁ። ይቅር የምትይኝ አንቺ ነሽ።»

ሙሉዬ አንገቷን ደፋች። «ከመጣን ወዲህ በሩን የሚከፍትልን ጥቂት ነው» አለች። ይህንኑ ብቻ ነው ያለችው።

በድምፁ የተደናገጡት ወይዘሮ ማኅደረማርያም ነጠላቸውን ደርበው መጡ። «ምነው ጋሽ ሰይፈ፣ በጠዋት ምን ሆኑ?»

«ወደ አንቺ ስመጣ ነበር፤ ስለ ተከራይሽ ልነግርሽ» አሉ፤ እየተነሡ የሙሉዬን ድንጋይ ከትከሻዋ ተቀበሏት። «ድንጋዬን የሚወስደውን ሰው አግኝቼዋለሁ። ሥራዋን ሳትጨርስ እንዳታስወጫት ብዬ ነው። ከጨረሰችም በኋላ እንዳታስወጫት።»

ያን ቀን የጠርሙሱ ስባሪ ተለቀመ። የካቡ የላይኛው ድርድርም ደረት እስኪደርስ ወርዶ፣ ድንጋዩ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። የተረፈው ካብ መሃል ላይ በር ተከፈተለት። ጥቅሙም በቶሎ ታየ። ከካቡ በላይ ሰው ከሰው ይተያይ ጀመር፤ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጉንፋን የያዛቸው ሰሞን ከበራቸው አለመውጣታቸውን ቀድማ ያስተዋለችው ሙሉዬ ናት፤ አጥሚት ይዛ የገባችውም በአዲሱ በር ነው። እሳቸውም የግቢው ጠባቂ አንድ ጡረተኛ መሆኑ ቀርቶ ሰፈሩ ሁሉ መሆኑ ገባቸው። ቤትን የሚጠብቀው የካብ ቁመት ሳይሆን ከካቡ ወዲያ ያለው ሰው ነው።

ጥርጣሬያቸውን ተዉ ወይ ብትሉ አልተዉም። ጉድጓድ ላይ አዞሩት እንጂ። ሕንፃ ለማቆም ተቆፍሮ የተተወ፣ ለቱቦ ተብሎ ክፍቱን የቀረ ጉድጓድ ባዩ ቁጥር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይሉና የባለቤቱን በር ያንኳኳሉ። ባለቤቱ በቀዳዳ ያያቸዋል። የማያውቀው ሽማግሌ ናቸው፤ ዝም ይላል። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከውስጥ የተያዘውን እስትንፋስ ያውቁታል። አይቆጡም፣ አይሄዱምም፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ እስኪከፈት ደጅ ይቆማሉ።