ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን፣ ግራና ከምትባል መንደር የመጡ ገበሬ አንዲት ሴት ትጠይቃቸዋለች።

«አባባ፣ ጉዳይዎ አለቀ?»

«ልጄን ለብሔራዊ ውትድርና ያዙት። ዕድሜው አልደረሰም የሚል ወረቀት ላጽፍ ነበር የመጣሁ።»

«አልሰጡዎትም?»

«ትናንት ወረቀቱን የሚጽፈው ጸሐፊ ቢሮው የለም። ‹ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው፣ አሁን ይመጣል› አሉኝ። ኮቱን ሳይ ዋልሁ።»

«የት ሄዶ ኖሯል?»

«ለእህቱ ሠርግ ዳስ ሊጥል። አልፈርድበትም፣ የሰው ጉዳይ አያልቅም።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ገባ፤ ጻፈልኝ። ይኸውልሽ፣ ማኅተሙ እንኳ አልደረቀም።»

«እሰይ፣ ሊለቁልዎት ነዋ።»

«ልጆቹን ትናንት ማታ ጭነዋቸው ሄደዋል።»

ጧት የሥራ መግቢያ ፈርሜ፣ ኮቴን በራሴ ቢሮ ወንበሬ ላይ ሰቅዬ የወጣሁት እኔ፣ መርሳ እስክንደርስ በሸሚዝ ብቻ ሆኜ እንዳቀረቀርሁ ነበርሁ።