የቅዳሜዋ በረኛ

ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሠራተኞች ፓርኪንግ በሚወስደው አውቶቡስ ላይ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሐበሻ ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ ጣትሽን ምን ሆነሽ ነው በፋሻ የጠቀለልሽው?»

«ኳስ ነው።»

«የምን ኳስ?»

«ጌሊክ የሚሉት የአይሪሾች ኳስ። በእጅም ይያዛል፣ በእግርም ይመታል። ልጄ እዚህ የሴቶቹ ክለብ ውስጥ ትጫወታለች።»

«ሶ፣ እሷ ናት የመታችሽ?»

«ኧረ አይደለም! ቅዳሜ ውድድር ነበራቸው። እኔ ደግሞ ‹ከሰው ጋር ስትላተሚ አትዋይ፣ ነርሲንግሽን ተማሪ› ብዬ ላስወጣት ሜዳ ድረስ ሄድኩ።»

«እሺ፣ ወጣች?»

«የት ትወጣለች! በረኛቸው ታማ ቀርታለች። ሰው ከጎደለ በፎርፌ ይሸነፋሉ። ልጄ እያለቀሰች ‹እማዬ፣ ዝም ብለሽ ቁሚልን› አለችኝ።»

«አንቺ? በረኛ?»

«ከነቀሚሴ!»

«አላገቡብሽም?»

«አገቡ እንጂ፣ ብዙ አገቡ። የመጨረሻዋን ግን ያዝኳት። ጣቴም ያኔ ነው።»

«አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን። ዳኛው በደለን!»

«ልጅሽስ አሁን ትጫወታለች?»

«እሷማ ‹ፈተና ደርሷል› ብላ ኩዊት አድርጋ ተወችው። ሐሙስ ልምምድ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ሰው ሳያየኝ መዳፎቼን ኳስ እንደሚይዝ ሰው ዘርግቼ አየኋቸው።